ስግደት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን

ስግደት ሰው በሥጋው፣ በአእምሮው፣ በልቡና በነፍሱ አንድ ሆኖ የሚጸልይበት ሥርዓት ነው። ብቻውን አይቆምም፤ ከጾም፣ ከጸሎትና ከንስሐ ጋር የተያያዘ ነው። መሠረቱ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰው ተፈጥሮ የምታስተምረው ትምህርት ነው። በዚህ ትምህርት ሰው ሰባት ባሕርያት አሉት፤ አራቱ የሥጋ (መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስ፣ እሳት)፣ ሦስቱ የነፍስ ናቸው። ነፍስ በልባዊነቷ ታስባለች፣ በነባቢነቷ ትናገራለች፣ በሕያውነቷ ለዘለዓለም ትኖራለች። ከንፈር ብቻ የሚያነበንበው ጸሎት ጎዶሎ የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በስግደት ግን ጉልበት ሲታጠፍ አንደበት ቃሉን ያወጣል፣ ልቡና ምሥጢሩን ይከተላል፤ ሥራ ፈት ሆኖ የሚቀር ባሕርይ የለም።

በአፈጻጸሙ ሦስት ደረጃ አለው። አድንኖ ራስን ዝቅ ማድረግ፣ አስተብርኮ መንበርከክ፣ ሰጊድ ደግሞ ግንባር መሬት እስኪነካ መውደቅ ነው። ስግደቱ ለማን እንደሚቀርብም ይለያል። የአምልኮ ስግደት ለሥላሴ ብቻ የሚገባ ሲሆን፣ ለእመቤታችን፣ ለመስቀሉ፣ ለመላእክትና ለቅዱሳን የሚቀርበው የጸጋ (የአክብሮት) ስግደት ነው። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው የሰጋጁ ልቡና ነው።

አሰጋገዱ

ሰጋጁ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ እግሮቹን አስተካክሎ በቀጥታ ይቆማል። ነጠላው ከእግር ሥር እየገባ እንዳያደናቅፍ ቀድሞ ይታጠቃል፤ የኪስ ቁልፍና ስልክም ቀድሞ ይወጣል። ከዚያ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ያማትባል። ሲወርድ ወገቡን ብቻ አይሰብርም፤ ጉልበቱን እያጠፈ ሁለቱን መዳፎች መሬት ያስይዛል፣ ጉልበቶቹን በቀስታ ያሳርፋል፣ ግንባሩን በእጆቹ መካከል ያስነካል። ግንባር ይነካል እንጂ አይመታም። ሲነሣ ክብደቱን በመዳፎቹ ገፍቶ፣ አንድ እግር አስቀድሞ ይቆማል፤ ቀና ካለ በኋላ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጸንቶ ሳይቆም ቀጣዩን አይጀምርም።

ቁጥሩ የሚያዘው በመቁጠሪያ ነው። የተለመዱት 41 እና 64 ፍሬ ያላቸው ናቸው። 64 እመቤታችን በምድር የኖረችበት ዘመን ነው። 41ን ብዙ መምህራን ከጌታ ግርፋት ጋር ያያይዙታል፤ ሌላ ትርጓሜ የሚሰጡም አሉ። አንዱ ስግደት ስድስት ሰከንድ ያህል ቢወስድ 41ዱ በአራት ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ከዚህ በላይ የሚያጣድፍ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ «እግዚኦ ተሣሃለነ» የሚለው ቃልም ይዋጥበታል፤ ያን ጊዜ የቀረው እንቅስቃሴ ብቻ ነው። የጀማሪ ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው፦ ልቡናው ከቃሉ ወደ ቁጥሩ ይሸሻል። መድኃኒቱ ቁጥሩን ቀንሶ ቃሉን ማዘግየት ነው።

ሁለተኛው ችግር ራስ ማዞር ነው። ጿሚው ሳይበላና ሳይጠጣ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ የሰውነቱ ፈሳሽ ይቀንሳል፤ በዚህ ላይ ዝቅ ብሎ የቆየ ራስ በድንገት ቀና ሲል የደም ግፊት ለቅጽበት ይወርዳል። ዐይኑ የጨለመበት ሰው ተንበርክኮ መቆየት እንጂ በግድ መቀጠል የለበትም። ጉልበት የሚቆስለው ደግሞ እጅ ሳይቀድም ሲወደቅ ነው፤ በጠጠር ግቢ ውስጥ ሰሌን ወይም የታጠፈ ጋቢ ከሥር ማንጠፍ ነውር የለውም። ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና አረጋዊ በአስተብርኮ ወይም በአድንኖ ይወሰናሉ፤ ልኩን የሚወስነው ንስሐ አባት ነው።

በሰሙነ ሕማማት

ስግደት በምልዓት የሚታየው ከሆሣዕና ማግሥት ሰኞ እስከ ዓርብ ስቅለት ባሉት ቀናት ነው። የሚነበበው መጽሐፍ ግብረ ሕማማት ይባላል። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አባ ሰላማ መተርጉም እንደሆኑ ይታመናል። ንባቡ በነግህ፣ በሠለስት (3 ሰዓት)፣ በቀትር (6 ሰዓት)፣ በተሰዓት (9 ሰዓት) እና በሠርክ (11 ሰዓት) ይከፈላል፤ በየሰዓቱ ከንባቡ ጋር ይሰገዳል። ሕዝቡ እየሰገደ የሚያዜማቸው ኪርያላይሶን፣ እብኖዲ ናይን፣ ታኦስ ናይን የሚሉት ቃላት ከግሪክና ከቅብጥ የመጡ ናቸው፤ ሳይተረጎሙ ለዘመናት መጠበቃቸው የሊቃውንቱን ጥንቃቄ ያሳያል። በዚህ ሳምንት መስቀል አይሳለሙም፣ ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም፤ በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉ ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሣዕና ይደርሳል።

ሐሙስ የሚበላው ጉልባን ጨው ይበዛበታል፤ የጌታን ጥም ማሰቢያ ነው። አክፍሎት (እስከ ትንሣኤ ሳይበሉ መቆየት) ሊይዝ ያሰበ ሰው ሐሙስ ማታ በቂ ውኃ ካልጠጣ ዓርብ ከቀትር በኋላ ጉልበቱ ይከዳዋል። ዓርብ ግቢው ስለሚጣበብ ከፊትና ከኋላ አንድ ቁመት ያህል ክፍተት መተው ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሚወርደው ራስ የፊተኛውን ተረከዝ ያገኛል። በሠርክ ካህናቱ የምእመናንን ጀርባ በወይራ ቅጠል እየጠበጠቡ ለእያንዳንዱ የስግደት ቁጥር ይሰጣሉ፤ ምእመኑም ያንን ፈጽሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ክርክሩ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን

ስግደት ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ.) ግን ለማን ይሰገዳል የሚለው ክርክር ጎልቶ ይታያል። ንጉሡ የእመቤታችንን በዓላት አስፋፉ፣ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዙ። በዚህ ጊዜ የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት (ደቂቀ እስጢፋኖስ) ከአብ፣ ከወልድና ከመንፈስ ቅዱስ በቀር ለማንም እንደማይሰግዱ ተናገሩ፤ ለንጉሡም አንሰግድም አሉ። ለመስቀሉና ለእመቤታችን ሥዕልም ስግደት ከልክለዋል ተብለው ተከሰሱ። ግርፋት፣ እስራትና ስደት ደረሰባቸው፤ የተረፉት በዓጋመ አውራጃ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም ጸኑ። የራሳቸው ገድላት እመቤታችንን እንደሚያከብሩ ይመሰክራሉ፤ የንጉሡ ወገን ደግሞ የማርያም ጠላቶች ይላቸዋል። ጠቡ የሃይማኖት ነበር ወይስ ለንጉሥ የመገዛት፣ ዛሬም ተመራማሪዎች ይከራከሩበታል። ለመስቀሉና ለእመቤታችን ይሰገዳል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን ቤተ ክርስቲያን የአምልኮንና የጸጋን ስግደት ለይታ በማስተማሯ መልሷ ግልጽ ነው።

የማይሰገድባቸው ጊዜያት

በሰንበት፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትና በጌታ በዓላት የንስሐ ስግደት (ስለ ኃጢአት የሚሰገደው) የለም። የኒቅያ ጉባኤ (325 እ.ኤ.አ.) 20ኛው ቀኖናም በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ቆሞ መጸለይን ያዛል። ቅዱስ ቍርባን የተቀበለ ሰውም በዚያ ዕለት አይሰግድም። ክልከላው የሚመለከተው የሚያደክመውን የንስሐ ስግደት ነው፤ «ስግዱ ለእግዚአብሔር በፍርሃት» ሲባል በቅዳሴ የሚደረገውን አያካትትም። የጸጋ ስግደትን በተመለከተ አንዳንድ መምህራን በእነዚህ ቀናት በአድንኖ ይበቃል ይላሉ፤ ሌሎች እስከ መሬት ይፈቅዳሉ። የስግደት ቀኖና የተቀበለ ሰው ሰንበትና በዓል በመካከል ሲገቡ ቀኑን እንዴት እንደሚቆጥር ቀኖናውን ሲቀበል ንስሐ አባቱን መጠየቅ አለበት።