ያለ ካሽ መክፈል ሐዋሳ ላይ

ሐዋሳ ውስጥ በስልክ መክፈል ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ ሰው ከባጃጅ ሹፌር ቢጀምር ይሻለዋል። ከግንቦት 2015 ዓ.ም. ወዲህ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በካሽ አይቀዳም። ሹፌሩ ግን ከተሳፋሪ የሚቀበለው ዝርዝር ብር ነው። ስለዚህ የሰበሰበውን ይዞ ወኪል ጋ ይሄዳል፣ ቴሌብሩ ላይ ያስገባል፣ ከዚያ ማደያ ይሰለፋል። እኔ እንኳ ታሪፉን በቴሌብር ልላክልህ ስለው «ኧረ ዝርዝር ስጠኝ» ያለኝ ብዙ ነው፤ ለትንሽ ብር መንገድ ዳር ቆሞ መልእክት እስኪገባ መጠበቅ ማን ይወዳል!

ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። *127# ስለሚሠራ በተን ስልክም ይበቃል። የሳፋሪኮሙ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። መንገዱን የጠረገ ሌላም ነገር አለ፤ በመስከረም 2013 ብር ሲቀየር ቤቱ ገንዘብ ያስቀመጠ ሁሉ ባንክ ሄዶ ነበር፣ ብዙዎችም ያኔ ሒሳብ ከፈቱ።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ከሲዳማ ገጠር መጥተው እዚያ የሚሠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች ናቸው። ድሮ ለእናት የሚላክ ብር ወደ አገር ቤት የሚሄድ ዘመድ ይጠብቅ ነበር፣ ዛሬ በደቂቃ ይደርሳል፤ ችግሩ ያለው እናትየው ጋ ነው፣ ምክንያቱም ቅርብ ያለው ወኪል ካሽ ካለቀበት ብሩ ስልክ ውስጥ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ሚስጥር ቁጥራቸውን ለልጅ ወይም ለጎረቤት ይሰጣሉ። ይሄ ያሳስበኛል።

ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡት ሌላ ስጋት አለባቸው። ስክሪንሾት አሳይቶ የሚሄድ አጭበርባሪ ስላለ፣ መልእክቱ በራሳቸው ስልክ ካልገባ ዓሣውን አይለቁም። ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም መብራት ሲሄድ ገዢና ሻጭ ተፋጠው ይቆማሉ።

ነጋዴው በበኩሉ ግብር ይፈራል። በስልክ የገባ ብር ዱካ አለው፣ ዱካው ደግሞ ገቢዎች ጋ ሊደርስ ይችላል ብሎ «ካሽ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር ስሌቱ ሁልጊዜ አያዋጣውም፤ ቴሌብር ላይ ያለው መላ የሚባለው ብድር ደንበኛው ስልኩን እንዴት እንደሚጠቀምበት አይቶ ነው የሚሰጠው፣ ያለ ዋስ ያለ ማስያዣ። ሁሉን በካሽ የሸጠ ሰው በዚህ በኩል የሚታይ ታሪክ የለውም። ሒሳብ ሲያጥር የጎደለውን የሚሸፍነው የቴሌብሩ እንደኪሴ ደግሞ ማደያ ላይ ጥቂት ብር ለጎደለው ባጃጅ ነጂ ዳግም ከመሰለፍ ያድነዋል፤ ዕዳው ግን በሚቀጥለው ቀን ካስገባት ብር ላይ ቀድሞ ይቆረጣል።