የመኪና ፍሬን በጣርማ በር ቁልቁለት፦ ጥገናውና ማሻሻያው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚሄደው አውራ ጎዳና ጣርማ በር ሲደርስ የሰሜን ሸዋን ደጋ ለቅቆ ወደ ቆላው መውረድ ይጀምራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ተራራው ተሰርስሮ የተሠራው ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደብረ ሲና በሁለቱ መካከል ናት። ወደ ዓለም ከተማ በጀማ ሸለቆ የሚያልፈው፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድም ጠባያቸው ተመሳሳይ ነው። የፈጣን መኪና ባለቤቶች ለውድድር ሜዳ ውሎ ፍሬናቸውን ሲያሻሽሉ የሚያሰሉት የሙቀት ሒሳብ በእነዚህ ቁልቁለቶች ላይ ለቪትዝና ለኮሮላም ያስፈልጋል።

ሒሳቡ ይህ ነው። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1,800 ሜትር ሲወርድ 35 ሜጋ ጁል ያህል ጉልበት የሆነ ቦታ መድረስ አለበት። ይኸው መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየበረረ አንድ ጊዜ ቢቆም ፍሬኑ የሚሸከመው 0.77 ሜጋ ጁል ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ከ45 ጊዜ በላይ እንዲህ እንደመቆም ነው ማለት ነው። የነፋስና የጎማ ሰበቃ የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ ይሸከመዋል። 6 በመቶ በሚያዘቀዝቅ መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር በፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪና ዲስኮቹ (ከጎማው ጋር የሚዞሩት የፍሬን ብረቶች) ላይ ያለማቋረጥ 10 ኪሎ ዋት ገደማ ሙቀት ይጭናል፤ ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ላይ እንደመጣድ ነው።

ከውድድር ሜዳው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በውድድር ሜዳ ፍሬን በኃይል ይረገጣል፣ ከዚያ ቀጥ ያለው መንገድ ሲመጣ ፈጣኑ ነፋስ ዲስኩን ያቀዘቅዘዋል። በቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑ ለረጅም ጊዜ ተይዞ ይቆያል፤ መኪናውም ዝግ ስለሚል በቂ ነፋስ አያገኝም። ስለዚህ ለውድድር መኪና ትልቅ ጥቅም ያለው የነፋስ ማስገቢያ ቱቦ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያን ያህል አይፈይድም። አንዳንዶች ለማቀዝቀዝ ብለው ከዲስኩ ጀርባ ያለውን የቆርቆሮ መከላከያ ያወልቁታል፤ በኮረኮንች መንገድ ጠጠር በዲስኩና ዲስኩን በሚጨብጠው ካሊፐር መካከል እየገባ ዲስኩን ይቧጭረዋልና ባይነካ ይሻላል።

ፍሬን በሙቀት የሚከዳው በሁለት መንገድ ነው፤ ለይቶ ማወቁም ምን መለወጥ እንዳለበት ይናገራል። ፔዳሉ እንደወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናው ግን አልቆም ካለ ሸራው (ካሊፐሩ ዲስኩ ላይ የሚጫነው) ከአቅሙ በላይ ግሏል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ ከወረደ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ፈጥሯል፤ እንፋሎት ይታመቃል እንጂ ግፊት አያስተላልፍም። ሁለተኛው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ አንዳንዴ የሚከሰተውም ከወረዱ በኋላ ነው። ተሳፋሪው ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሊገዛ ሲወርድ መኪናው ይቆማል፣ ነፋሱ ይቀራል፤ የዲስኩ ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ካሊፐሩና ወደ ዘይቱ ይሻገራል። ከአምስትና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሹፌሩ ሲነሣ ፔዳሉ ባዶ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ ከመንቀሳቀስ በፊት ፔዳሉን ረግጦ ማየት ግድ ነው። ከፍታውም የራሱን ይጨምራል፦ ዋሻው አካባቢ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በአንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ በቤንዚን ሞተር የአየር መሳብ የሚሠራው የፍሬን ቡስተር እገዛው ይቀንሳል፤ እግር ጠንከር አድርጎ መርገጥ ይኖርበታል።

ማሻሻያው ከዘይቱ ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከተበሳ ዲስክና ቀይ ቀለም ከተቀባ ካሊፐር ነው፤ ገንዘቡ ያለቦታው ይፈስሳል። የፍሬን ዘይት ደረጃ «ዶት» በሚል ቁጥር ይታወቃል፤ ዶት 3 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ መለኪያው 140 ነው። ዶት 4 በቅደም ተከተል 230 እና 155፣ ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ናቸው። ሦስቱ እርስ በርስ ይቀላቀላሉ። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከእነሱ ጋር አይደባለቅም፤ ኤቢኤስ (ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርግ ሥርዓት) ላለው መኪናም አይመከርም። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ጠብታ እንኳ ከገባ ጎሚኒዎቹ (የላስቲክ ማሸጊያዎቹ) ሁሉ ያብጣሉ፤ ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ፓምፕ) እስከ ካሊፐሩ ያለውን ጎሚኒ መለወጥ ይመጣል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል፤ ክረምቱ እንዳለፈ፣ ለመስከረም ጉዞ ሲዘጋጁ ቢሆን ጥሩ ነው። ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ሲገዛ ማሸጊያው ያልተነካ ይመረጣል፤ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ፣ ግማሹ ቢኖርም፣ ለፍሬን አይሆንም።

አለዋወጡ አስቸጋሪ አይደለም፤ 1 ሊትር አዲስ ዘይት፣ ጥርት ያለ ቀጭን ቱቦ፣ ጠርሙስና አንድ ረዳት ይበቃል። አሮጌው ዘይት ከማጠራቀሚያው በሲሪንጅ ተስቦ በአዲስ ይተካል። ከዚያ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል፦ መሪው በግራ ለሆነ ብዙ መኪና የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ኤቢኤስ ያላቸው አንዳንድ መኪኖች የተለየ ቅደም ተከተል ስላላቸው መመሪያቸው ይታያል። ረዳቱ ፔዳሉን ሲረግጥ የአየር ማስወጫው ቡሎን ሩብ ዙር ይከፈታል፤ እግሩን ሳያነሣ ይዘጋል። ንጹሕ ዘይት ያለ አረፋ እስኪመጣ ይደጋገማል። ማጠራቀሚያው ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከወረደ አየር ይገባና ሥራው እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል። በአሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ እንዳይሄድ ሥሩ ጣውላ ይደረጋል፤ የማስተሩ ጎሚኒ ሄዶበት በማያውቀው የዛገ ቦታ ላይ ካለፈ ይቀደዳልና። ብዙ ጊዜ «ዘይት ከለወጥን በኋላ ማስተሩ ተበላሸ» የሚባለው ምንጩ ይህ ነው።

ቀጥሎ ሸራ። በሸራው ጠርዝ ላይ ከሚታተሙት ፊደላት የመጨረሻዎቹ ሁለት የመያዝ አቅሙን፣ ማለትም የሰበቃ መጠኑን፣ ያሳያሉ፤ የመጀመሪያው ሲበርድ፣ ሁለተኛው ሲግል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ለጣርማ በር ቢያንስ ሁለቱም «ኤፍ» የሆነ ይፈለጋል። ለውድድር ብቻ የተሠራ ሸራ ግን በደንብ ሳይሞቅ አይዝም፤ ውርጭ በጣለበት የደብረ ብርሃን ጠዋት የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪናውን ሳያቆም ሊቀር ይችላል። አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ 3 ሲደርስ ይጣላል፤ ከ5 በታች ሆኖ ቁልቁለት ባይወርድ ይመረጣል፤ የሳሳ ሸራ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ፒስተኑ ያሳልፋል። ሸራ ሲለወጥ የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ተጠርገው ለፍሬን የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ይቀባሉ፤ ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። የቸርኬው ዳዶዎች በእጅ ግምት ሳይሆን የጥብቀት መጠን በሚያሳይ መለኪያ ቁልፍ ይጠበቃሉ፤ ለብዙ የቶዮታ አነስተኛ መኪኖች 103 ኒውተን ሜትር ነው።

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ከሸኖ እስከ ጫጫ ያለው ደልደል ያለ መንገድ፣ ከኋላ የሚከተል መኪና በሌለበት ሰዓት፣ ይስማማል፦ ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ስምንት ወይም አሥር ጊዜ፣ ፈጽሞ ሳይቆሙ፤ ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ አሥር ደቂቃ መንዳት። በጋለ ዲስክ ላይ ፍሬን ይዞ መቆም ሸራው በቆመበት ቦታ እንዲለጠፍ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መንቀጥቀጥ «ዲስኩ ተጣመመ» ይባልና እንዲላግ ወደ ቶርኖ ይወሰዳል። በየጊዜው የተላገ ዲስክ እየሳሳ ይሄዳል። ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተቀርጾበታል፤ በብዙዎቹ ከአዲሱ የሚያንሰው በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈ ይጣላል።

የብረት ሽቦ የለበሰ ቱቦ ለፔዳሉ ጥንካሬ ይሰጣል፤ ሙቀት ግን አይቀንስም። ትልቅ ዲስክ ሙቀት የመያዝ አቅም ይጨምራል፤ ሆኖም ሰፊ ቸርኬ ይጠይቃል፣ የካሊፐሩ ፒስተን ከማስተሩ አንጻር ከተለቀ የፔዳሉ ርቀት ይረዝማል፣ የፊቱ ብቻ ሲያድግ የኋላው ድርሻ ይቀንሳል። የተበሳ ዲስክ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል። ለቤተሰብ መኪና ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው እምብዛም ነው።

አወራረዱ ከዕቃው ይበልጣል። ማርሽ ዋሻው ሳይታለፍ ይቀነሳል፤ መኪናው ያንኑ ዳገት ሲወጣ በሚጠቀምበት ወይም ከዚያ ባነሰ ማርሽ ይወረዳል። አውቶማቲክ ከሆነ «2» ወይም «ኤል» ይያዛል። ፍሬን አጭርና ጠንከር ተደርጎ ተይዞ ይለቀቃል። ነዳጅ ለመቆጠብ በባዶ ማርሽ መውረድ ትርፍ የለውም፤ ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወርድ ነዳጁን ይዘጋል፣ በባዶ ማርሽ ግን ላለመጥፋት ይበላል።

በአይሱዙና በሲኖትራክ ጉዳዩ ይብሳል። ታምቡር (በዲስክ ፈንታ የሚዞረው፣ ሸራው ከውስጥ የሚጫነው ከበሮ መሰል ብረት) ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ የሸራው ማስተካከያ ከላላ የአየር ፍሬኑ ገፍቶ ገፍቶ አይደርስበትም። የጭስ ማውጫ ፍሬኑ (ጭስ ማውጫውን ዘግቶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርገው) የሚሠራ መሆኑ ደብረ ብርሃን ላይ ይፈተሻል፤ ፍሬኑን ቶሎ ቶሎ መምታት የታንኩን አየር ይጨርሳል። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ማፍሰስ ይሰነጥቀዋል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ በኋላ፣ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁልቁለቱን በሞተራቸው ይዘው ባትሪያቸውን ይሞላሉ፤ የባትሪው ቦታ እስካለ ድረስ። ሙሉ ባትሪ የሚመለሰውን ጉልበት አይቀበልም፤ ያኔ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ 80 በመቶ ላይ ማቆም ይበቃል።