የመጀመሪያ ደረጃ ክፍልን በአንድ ጭብጥ ማስዋብና ማደራጀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ቀናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአዲሱ ዓመት ሲሰናዱ፣ የክፍል ኃላፊ መምህራን ከሚጠመዱባቸው ሥራዎች አንዱ የመማሪያ ክፍላቸውን ማስዋብ ነው። በተለይ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ባሉት ደረጃዎች፣ ልጆቹ ክፍል ሳይቀያይሩ ስለሚማሩና በብዙ ትምህርት ቤቶች አንድ መምህር አብዛኛውን የትምህርት ዓይነት ስለሚይዝ፣ ክፍሉን በአንድ መሪ ጭብጥ ዙሪያ ማደራጀት ጠቃሚ አሠራር ነው። ሆኖም ጭብጥ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ ግድግዳው ምን መሸከም እንዳለበት፣ የዴስክና የመደርደሪያ አቀማመጥም ከዚህ ጋር በምን እንደሚገናኝ በመምህራን ዘንድ የሚነገረው ሁሉ ትክክል አይደለም። ከተለመዱት አመለካከቶች ዋና ዋናዎቹን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

«ግድግዳው በሞላ ቁጥር ልጆቹ የበለጠ ይማራሉ»

ይህ ከሁሉም የተስፋፋው አመለካከት ነው፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣም ሆነ ወላጅ ሲጎበኝ ባዶ ግድግዳ የመምህሩ ስንፍና ምልክት ተደርጎ ይታያል። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት አና ፊሸር፣ ካሪ ጎድዊንና ሃዋርድ ሴልትማን እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። በጥናቱ 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ለእነርሱ አዲስ የሆኑ ስድስት አጫጭር የሳይንስ ትምህርቶችን፣ ሦስቱን በሥዕልና በፖስተር በተሞላ ክፍል፣ ሦስቱን ደግሞ ምንም ባልተለጠፈበት ክፍል እንዲማሩ ተደረገ። በተሞላው ክፍል ልጆቹ ከትምህርቱ ጊዜ 38.6 በመቶ ያህሉን ሐሳባቸው ከትምህርቱ ወጥቶ ያሳለፉ ሲሆን፣ ባልተጌጠው ክፍል ይህ 28.4 በመቶ ነበር። ከትምህርቱ በኋላ በተሰጠው ፈተና በመጀመሪያው ክፍል 42 በመቶ፣ በሁለተኛው 55 በመቶ የሚሆነውን ጥያቄ በትክክል መለሱ።

ሃያ አራት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ስለሆነም ይህን ጥናት ይዞ ግድግዳን ሁሉ ማራቆት ከተገቢው በላይ መሄድ ይሆናል። በእንግሊዝ የሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ሰፋ ያለ ጥናት ጉዳዩን ሚዛናዊ ያደርገዋል። ቡድኑ በ27 ትምህርት ቤቶች የሚገኙ 153 ክፍሎችንና 3766 ተማሪዎችን አጥንቶ፣ ተማሪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ባሳዩት የትምህርት መሻሻል መካከል ካለው ልዩነት 16 በመቶው ከክፍሉ ቁሳዊ ሁኔታ ጋር እንደሚያያዝ ደምድሟል። የግድግዳን ጉዳይ በተመለከተ የደረሰበት ውጤት፣ ከመጠን በላይ የተጨናነቀውም ጨርሶ ባዶ የሆነውም ክፍል እንደሚጎዳና መካከለኛው እንደሚሻል ነው። ከዚህ ይበልጥ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ግን ይኸው ጥናት የብርሃንን፣ የአየርንና የሙቀት መጠንን ድርሻ ከፍ አድርጎ ማስቀመጡ ነው። መስኮት ላይ የተለጠፈ ፖስተር ምንም ያህል ቢያምር፣ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የልጆቹን ዋና የብርሃን ምንጭ ዘግቷል ማለት ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ማስዋብ በፊት መስኮቱ ይከፈት፣ መስታወቱ ይጠረግ፤ ጥቁር ሰሌዳው ያለበት የፊት ግድግዳም ዓይን እንዳይበታተን በተቻለ መጠን ነፃ ይሁን።

«ጭብጥ መምረጥ ማለት ደስ የሚል ሥዕል ወይም የካርቱን ገጸ ባሕርይ መምረጥ ነው»

በተለይ በከተማ የግል ትምህርት ቤቶች በየግድግዳው የሚታዩት የካርቱን እንስሳትና የውጭ አገር ተረት ልዕልቶች የዚህ አስተሳሰብ ውጤቶች ናቸው። እነዚህ ሥዕሎች ልጆቹን ያስደስቱ ይሆናል፤ ነገር ግን በሳምንቱ ውስጥ አንድም መምህር «እስቲ ወደ ግድግዳው እንመልከት» ብሎ የሚጠቁምባቸው ጊዜ ከሌለ ጌጥ እንጂ ጭብጥ አይደሉም። ጭብጥ ማለት ቋንቋውን፣ ሒሳቡን፣ የአካባቢ ሳይንሱንና ሥነ ጥበቡን በአንድ ላይ ሊያሰባስብ የሚችል፣ ልጆቹም የሚጠይቁበት ነገር ያለው አንድ ሐሳብ ነው።

አንድ የአራተኛ ክፍል መምህር ወይም መምህርት «የአዋሽ ጉዞ» የሚል ጭብጥ መረጡ እንበል። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው ጨዋማው አቤ ሐይቅ ይቀራል። ይህን በጎን ግድግዳ ላይ ለማሳየት የሚያስፈልገው ሰማያዊ ቀለም የተነከረ ሲባጎ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር 2 ኪሎ ሜትርን ይወክላል ከተባለ ሲባጎው 6 ሜትር ይሆናል፤ ይህን ስሌት የሚሠሩት ደግሞ ራሳቸው ልጆቹ ናቸው፤ የሒሳቡም ክፍለ ጊዜ በዚሁ ተጀመረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ሥፍራ ይጨመራል፦ የምንጩ አካባቢ ገብስና ጤፍ፣ የቆቃ ግድብና ኤሌክትሪክ፣ የወንጂ ሸንኮራ አገዳ፣ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ያለው ፏፏቴ፣ የአፋር ግመል አርቢዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳር። ምንጭ፣ ገባር፣ ግድብ፣ ፏፏቴ፣ ደጋ፣ ቆላ የሚሉት ቃላት በትልልቁ ተጽፈው በየቦታቸው ከሲባጎው ሥር ይሰቀላሉ፤ በአማርኛው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ዐረፍተ ነገር የሚሠሩት በእነርሱ ነው። ወንዙ ለምን ባሕር አይደርስም የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በግድግዳው መጨረሻ ላይ ተጽፎ መልስ ሲጠብቅ ይቆያል፤ ስለ ሙቀት፣ ስለ ትነትና ስለ መሬት አቀማመጥ የተማሩት ሲጠራቀም ልጆቹ ራሳቸው ይመልሱታል።

ጭብጡ የግድ አዋሽ መሆን የለበትም። በባሕር ዳር ጣና፣ በጅማ ቡና ለልጆቹ ቅርብ ነው፤ ለአንደኛ ክፍል ደግሞ ልጆቹ ከእናቶቻቸው ጋር ሄደው የሚያውቁት ገበያ ከየትኛውም ወንዝ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሚዛን፣ ዋጋ፣ የእህል ስምና የሰላምታ ቃል ሁሉ እዚያ አለ። ጭብጡን ለመመዘን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ በዚህ ጉዳይ ላይ ልጆቹ ለስድስት ሳምንት ያህል የሚለኩት፣ የሚጽፉትና የሚጠይቁት ነገር ያገኛሉ ወይ?

«ክፍሉ በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ተጠናቅቆ መቅረብ አለበት»

ሳይጠናቀቅ መቅረቡ ይሻላል። «አካባቢ ሦስተኛው መምህር ነው» የሚለው አባባል በየሥልጠናው ይጠቀሳል፤ አባባሉ የሚያያዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጣልያን ሬጆ ኤሚሊያ ከተማ ከተጀመሩት የሕፃናት ትምህርት ቤቶችና ከመሪያቸው ከሎሪስ ማላጉዚ ጋር ነው። አባባሉን ለግዢ ማስፈቀጃ የሚጠቀሙበት ብዙዎች ናቸው፤ በነዚያ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን የልጆቹ የራሳቸው ሥራና ሥራው እንዴት እንደተከናወነ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። መምህሩ በጳጉሜን ብቻውን አስጊጦ የጨረሰው ክፍል ለልጆቹ የሰው ቤት ነው፤ እነርሱ የለጠፉት፣ ያረሙትና የጨመሩበት ግድግዳ ግን የራሳቸው ስለሆነ ደጋግመው ያዩታል።

በመስከረም መጀመሪያ ተዘጋጅተው መጠበቅ ያለባቸው ቋሚ ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የፊደል ገበታ፣ የቁጥር መስመር፣ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ፣ የጭብጡ ርዕስና ለልጆቹ ሥራ የተከለለ ባዶ ቦታ። ስለ ፊደል ገበታ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህ ሁሉ በአንድ መካከለኛ ወረቀት ላይ ታጭቆ ከሰሌዳው በላይ ከፍ ብሎ ሲሰቀል፣ ከኋላ ዴስክ ለተቀመጠ ልጅ በ«ቀ» እና በ«ቁ» መካከል ያለችው ትንሽ ቅጥል አትታይም። መምህሩ ገበታውን ከሰቀለ በኋላ በመጨረሻው ዴስክ ላይ፣ በልጅ ቁመት ልክ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ማንበብ ይሞክር፤ ካልተነበበ ገበታው በሁለት ወይም በሦስት ተከፍሎ በትልቁ ይጻፍ። ልጆቹ ቀርበው የሚያነቡት ጽሑፍም በእነርሱ ዓይን ትይዩ መሆን አለበት፤ በብዙ ክፍሎች ግን የሚሰቀለው በመምህሩ ቁመት ልክ ነው።

«ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤት አይችለውም»

በማተሚያ ቤት የተሠራ ባነር ውድ ከመሆኑም በላይ ስሕተት ቢገኝበት አይታረምም፤ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ ብርሃን እየመለሰ ከጎን የተቀመጡትን ልጆች ያስቸግራል። መምህራኖቻችን ለብዙ ዓመታት የትምህርት መርጃ ሲሥሉበት የኖሩት ጆንያ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ የዱቄት ወይም የስኳር ከረጢት ቢሆን ይመረጣል፣ የማዳበሪያ ከሆነ ግን ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት በደንብ መታጠብ አለበት። ለመቁጠሪያ ቆርኪና ጠጠር፣ ለማስቀመጫ ካርቶን፣ ለመስቀያ ሲባጎና የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል።

«በፈረቃ በሚያስተምርና ከ50 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል አይሠራም»

ይህ ቅሬታ ከሌሎቹ የበለጠ መሠረት ያለው ስለሆነ ተገቢ መልስ ይፈልጋል። ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላው በሚገባበት ክፍል የተለጠፈ ነገር ይቀደዳል፣ የተቀመጠ ነገር ይጠፋል፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ የሌላው ፈረቃ ይሆናል። መፍትሔው በሁለት ነገር ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያው ስምምነት ነው፦ ሁለቱ የክፍል ኃላፊዎች ዓመቱ ሳይጀመር ተገናኝተው የፊደል ገበታውንና የቁጥር መስመሩን የጋራ ያደርጋሉ፣ የጎን ግድግዳዎቹን አንድ አንድ ይከፋፈላሉ፤ ቢቻል ጭብጡንም አንድ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ የጠዋቱ ልጆች የጀመሩትን የከሰዓቱ ልጆች ይቀጥሉታልና ለመቅደድ ምክንያት አይኖርም። ሁለተኛው ተንቀሳቃሽነት ነው፦ ጆንያው በላይኛው ጫፍ እንጨት ተሰፍቶበት በሁለት ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፣ ትምህርት ሲያበቃ ተጠቅልሎ ይወርዳል፣ በመምህራን ክፍል ወይም በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ ይቀመጣል። ይኸው ዘዴ በውጭ አገር ቅዳሜና እሑድ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በተከራዩት ክፍል ለልጆች አማርኛ ለሚያስተምሩ ወገኖችም ያገለግላል፤ እነርሱ ምንም ነገር ለጥፈው መሄድ አይችሉምና።

የተማሪው ብዛትም ቢሆን ጭብጡን የሚከለክል አይደለም፤ ይልቁንም የኃላፊነት ክፍፍልን ግድ ያደርጋል። ማንጠልጠሉ፣ መጠቅለሉ፣ ቆርኪውን ቆጥሮ ማስገባቱና የንባብ ማዕዘኑን መጻሕፍት መመለሱ በየሳምንቱ ለተለያዩ ቡድኖች ቢሰጥ፣ ሁሉንም ነገር የክፍል አለቃው ብቻ የሚሸከምበት ልማድም ይቀራል።

«ጥሩ አደረጃጀት ማለት ዴስኮችን በቡድን ማዞር ነው»

አቀማመጥ የሚወሰነው በሥራው ዓይነት ነው። ልጆች ለየብቻ ሲጽፉና ሲያሰሉ ወደ ፊት የሚያይ ሰልፍ ትኩረታቸውን ይጠብቃል፤ መወያየትና አንድ ነገር በጋራ መሥራት ሲፈለግ ቡድን ይሻላል። ሦስት ልጆች የሚቀመጡበትን ከባድ ኮምባይንድ ዴስክ በየክፍለ ጊዜው መጎተት ስለማይቻል፣ የፊተኛው ዴስክ ልጆች ዞረው ከኋለኛው ጋር ስድስት የሚሆኑበት ቀላል ዘዴ ብዙ ጫጫታ ያስቀራል። ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መተላለፊያው ነው፦ ግድግዳው ላይ ያለውን ለማንበብ ልጆቹ ወደ ግድግዳው መድረስ ካልቻሉ፣ ዴስኮቹ ግድግዳውን ዘግተውታል። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ልጅ ካለ ይህ የአደረጃጀቱ መነሻ መሆን አለበት፤ ማየት የሚቸገር ልጅ ካለ ደግሞ የሚዳሰስ ነገር፣ ለምሳሌ ከላይ የተጠቀሰው የሲባጎ ወንዝ፣ ከሥዕል ይበልጣል።

«ልጆች ደማቅ ቀለም ስለሚወዱ ክፍሉ በሙሉ መድመቅ አለበት»

የሳልፎርዱ ጥናት የደገፈው ፈዘዝ ያሉ ግድግዳዎችን ከአንድ ደማቅ ግድግዳ ጋር ነው። ነጣ ያለ ቀለም ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ብርሃንን ማብዛቱም ለእኛ ተጨማሪ ጥቅም ነው።

«ለግድግዳ የሚበቃው የጎበዝ ተማሪ ሥራ ብቻ ነው»

ጽሑፉ ያማረ፣ ሥዕሉ የተዋጣለት ልጅ ሥራው በየጊዜው ሲሰቀል፣ የቀሩት ግድግዳው እነርሱን እንደማይመለከት በቶሎ ይረዳሉ። በደረጃ የተጻፈ የስም ዝርዝርም ከዚህ የከፋ እንጂ የተሻለ ነገር አያደርግም፤ መጨረሻ የወጣው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከራሱ ስም ጋር ይፋጠጣል። የእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሥራ በተራ የሚወጣበት ሥርዓት ማበጀት ከባድ አይደለም፤ ስሕተት ያለበት ሥራም ልጁ ራሱ ካረመው ጋር ጎን ለጎን ሊሰቀል ይችላል።

«አንዴ የተሰቀለ እስከ ሰኔ ይቆያል»

ለረጅም ጊዜ የተሰቀለ ነገር ከዓይን ይጠፋል፤ አቧራ የጠጣ፣ ጠርዙ የተገለበጠና ትምህርቱ ያለፈበት ወረቀት ቦታ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም። አንድ ጭብጥ ሲያልቅ ልጆቹ ግድግዳውን ተራ በተራ እያነበቡ የተማሩትን ይከልሱ፣ ቋሚዎቹ ሲቀሩ ሌላው ይውረድ። የየራሳቸውን ሥራ ወደ ቤት ይወስዳሉ፤ የቃላት ካርዶቹ በካርቶን ገብተው በንባብ ማዕዘኑ ለመጫወቻ ይውላሉ፤ በጆንያ የተሠራው ካርታ በጀርባው የተሠራበት ዓመተ ምሕረት፣ የክፍሉ ደረጃና የጭብጡ ስም ተጽፎበት በማበልጸጊያ ማዕከሉ ይመዘገባል፤ ለቀጣዩ ዓመት ክፍል ሲሰጥ ግን የልጆቹ ካርዶች ተነሥተውለት ሲባጎውና ርዕሱ ብቻ ይቅሩበት።