ስክራምብለር ምንድን ነው? ገዢው መጀመሪያ ማየት ያለበትስ ምኑን ነው?

የጭስ ማውጫው በሞተሩ ሥር በመሄድ ፈንታ በጎን ከፍ ብሎ የሚያልፍ፣ ማኑብሪዮው (መሪው) ሰፊ፣ ጎማው ባለ ጥርስ የሆነ አሮጌ ሞተር ሳይክል ለሽያጭ ቀርቦ ካዩ ሻጩ «ስክራምብለር ነው» ይልዎታል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ባለፈው ወር ጋራዥ ውስጥ ተገጣጥሞ የወጣም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ቃሉ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ስሙ ከእንግሊዝ ነው የመጣው። በማርች 1924 በሰሪ አውራጃ፣ ካምበርሊ አጠገብ፣ በዱርና በአሸዋ ኮረብታ ላይ አንድ የሞተር ሳይክል ውድድር ተካሄደ። ዳኛ ቆሞ የአነዳድ ነጥብ የሚሰጥበት አልነበረም፤ ቀድሞ የገባ አሸነፈ፣ በቃ። «ስክራምብል» ማለት በእጅም በእግርም እየቧጠጡ ዳገት መውጣት ነውና ውድድሩ በዚያው ስም ተጠራ፤ ዛሬ ሞቶክሮስ የምንለው ከዚያ ነው የተወለደው። ስክራምብለር የተባለው እንግዲህ ለዚህ ሥራ የተለወጠ የመንገድ ሞተር ሳይክል ነው። «የተለወጠ» የምትለዋን ቃል ይያዙልኝ፤ የዋጋው ነገር ሁሉ እሷ ላይ ነው ያለው።

የሚለወጠው ብዙ አይደለም። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ድንጋይ እንዳይመታው፣ ወንዝ ሲሻገሩም ውኃ እንዳይገባበት ወደ ላይ ይነሳል። ማኑብሪዮው ይሰፋል፣ የፊት ጎማው 19 ኢንች ይሆናል፣ የኋላው ኮሮና (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ክብ) ጥርስ ይጨመርለትና ፍጥነቱ ቀንሶ ጉልበቱ ይበረታል። ከሞተሩ ሥር መከላከያ ላሜራ ይታሰራል። ሞተሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ያው የመንገዱ ነው።

አንዳንድ ፋብሪካ ግን ከዚህም አልፏል። ሆንዳ በ1962 ያወጣው ባለ 250 ሲሲው ሲኤል 72 እና ተከታዩ፣ ባለ 305 ሲሲው ሲኤል 77፣ ከመንገድ ወንድሞቻቸው የተለየ፣ ሞተሩን ከሥር የሚያቅፍ ሻንሲ አላቸው፤ የኤሌክትሪክ ማስነሻም የላቸውም፣ በእግር ብቻ ነው የሚነሱት። በዚያው በ1962 ዴቭ ኢኪንስና ቢል ሮበርትሰን ጁኒየር በሜክሲኮ ከቲዋና እስከ ላፓዝ፣ አብዛኛው አስፋልት ያልነካውን ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በሲኤል 72 ነዱ። ኢኪንስ የገባው 40 ሰዓት ሳይሞላ ነው። በተቃራኒው በ1968 የመጣው ሲኤል 350 ከመንገድ ሞዴሉ ከሲቢ 350 የሚለየው ይበልጡን በማርሚታ፣ በማኑብሪዮና በመሳሰለው ነው። ስለዚህ ሲቢ ገዝቶ ሲኤል ማስመሰል ከባድ ሥራ አይደለም።

ዱዋል ስፖርት ሌላ ነገር ነው። ያማሃ በ1968 ለገበያ ያቀረበው ዲቲ-1 ከማንም የመንገድ ሞተር ሳይክል አልተቀዳም፤ ከመጀመሪያው ለአፈርም ለአስፋልትም ተብሎ የተነደፈ ነው። ባለ 246 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት፣ አንድ ሲሊንደር፣ ክብደቱ 112 ኪሎ። ትሪያምፍ ቲአር 6 ሲ፣ ያ ዝነኛው ባለ 650 ስክራምብለር፣ ከ160 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አሸዋ ላይ ወድቆ ለሚያነሳው ሰው ልዩነቱን ማስረዳት አያሻም። በአገራችን የገጠር መንገድ ላይ የፕሮጀክት ሠራተኛ የሚነዳው ዲቲ 125 የዚሁ የዲቲ-1 ዘር ነው።

አሁን ወደ ግዢው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሞተሩ ይነሳ እንደሆነ ነው። እኛ ግን ማርሚታውን ይዩ እንላለን። ፒስቶን፣ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን ዛሬም ይሸጣል፤ የሞተ ሞተር ይነሳል። የፋብሪካው ማርሚታ ግን ከውስጥ በእርጥበትና በጥላሸት ይበላል፣ ያልተበላውንም የዘመኑ ጎረምሶች ድምፅ እንዲሰጥ ብለው አውጥተው ጥለውታል። በዚህ የተነሳ ሙሉ ማርሚታ፣ የእግር መከላከያ ላሜራው ሳይቀር፣ ዋጋው ከሞተሩ ጥገና ሊበልጥ ይችላል። ሲያዩት ከታች በኩል በጣትዎ ጫን ጫን ያድርጉት፤ ኒኬሉ እያብለጨለጨ ብረቱ እንደ ቆርቆሮ ከሰመጠ ከውስጥ አልቋል። በብዙ የሆንዳ ማርሚታ ላይ የፋብሪካው ምልክት ብረቱ ውስጥ ተቀርጾ ይገኛል፤ ተመሳስሎ የተሠራው ላይ ብዙ ጊዜ የለም። የእግር መከላከያ ላሜራው ማሰሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በንጹህ ብየዳ የተያዙ ናቸው፤ ጉብ ጉብ ያለ ብየዳ ካዩ አንድ ሰው ነክቶታል።

ቀጥሎ ቁጥር። እዚህ ላይ «የሞተርና የሻንሲ ቁጥር አንድ መሆን አለበት» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አሳስቷል። በዚያ ዘመን ያማሃ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያትም ነበር፤ ዲቲ-1 ላይ ቁጥሩ ከተለያየ ሞተሩ ተቀይሯል። ሆንዳ ግን እንዲህ አያደርግም ነበር፤ የሲኤል 77 ሞተርና ሻንሲ ተቀራራቢ ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ እንጂ አንድ አይሆኑም። አንድ ሆኖ ካገኙት ይልቅ ይጠርጥሩ። ትሪያምፍ ላይ ደግሞ ከ1969 ወዲህ ቁጥሩ የሚታተምበት ሰሌዳ በጥቃቅን የትሪያምፍ ጽሑፍ የተሸፈነ ነው፤ ሰሌዳው ልሙጥ ከሆነ ተሞርዷል ማለት ነው። የሞዴሉ ስምም እዚያው ይታተማል። ማርሚታው በግራ በኩል ወደ ላይ ተነስቶ፣ ቁጥሩ ግን ቲአር 6 አር የሚል ከሆነ የመንገዱ ሞዴል ነው፣ ልብሱን ነው የቀየረው። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ከብረቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር።

ሞተሩን ለማየት ሲሄዱ ሻጩ አሙቆ እንዳይጠብቅዎ አስቀድመው ይንገሩት፤ የሞቀ ሞተር የመነሳት ችግሩን ይደብቃል። ሲደርሱ ሲሊንደሩን በእጅዎ ይንኩ። ሞቆ ካገኙት ሻይ ጠጥተው ይመለሱ።

ዲቲ-1ን በመሰለ ባለ ሁለት ምት ላይ ዋናው በሽታ የክራንክሻፍቱ ፓራኦሊዮ (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት) ነው። ዓመታት ሲቆም ጎማው ይደርቃል። በግራ፣ በማግኔቱ በኩል ያለው ካፈሰሰ አየር ይስባል፤ ቤንዚኑ ይቀጥናል፣ ጋዙን ሲለቁት ሞተሩ ቶሎ አይወርድም፣ እዚያው ላይ ይጮሃል፤ በዚሁ ከተነዳ ፒስቶኑ ሙቀት በዝቶበት ይነክሳል፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቆማል። በቀኝ፣ በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ካፈሰሰ የካምቢዮውን ዘይት ይጠጣል፤ ነጭ ጭሱ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አይቆምም፣ የካምቢዮው ዘይትም ይጎድላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የካርቡሬተሩንና የማርሚታውን ቀዳዳ ደፍኖ 0.4 ባር ገደማ አየር መሙላት። በደቂቃ ከ0.07 ባር በላይ ከወረደ የሳሙና አረፋ እየቀቡ የሚያፈሰውን መፈለግ ነው። ማግኔቱ የራሱ መንቀያ አለው፤ በመዶሻ የመታው ሰው ክራንክሻፍቱን ያጣምማል። ሌላ ጥያቄ፦ ዘይቱን ራሱ የሚቀዳው ፓምፕ ይሠራል ወይስ ተፈቷል? ከተፈታና ሻጩ ካልነገርዎ፣ ንጹህ ቤንዚን ሞልተው ቤት ሳይደርሱ ሞተሩ ይነክሳል።

በ1976 የሞዴል ዓመት የመጣው ባለ አራት ምቱ ያማሃ ኤክስቲ 500 የተለየ ጠባይ አለው። ዘይቱን የሚይዘው ሻንሲው ውስጥ ነው። ብዙ ከቆመ ዘይቱ እየሾለከ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርድና የዘይት መለኪያው «የለም» ይላል። ያን አይተው አይጨምሩ! መጀመሪያ አስነስተው ትንሽ ያሠሩት፣ ፓምፑ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ ከዚያ ይለኩ። ማስነሳቱም ዘዴ ይፈልጋል፦ ከፍሪሲዮን ማንሻው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ይዘው የማስነሻ ፔዳሉን ቀስ ብለው ይጫኑ፤ በቴስታታው (በሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ባለችው የመስታወት ቀዳዳ ምልክቱ ብቅ ሲል ማንሻዋን ይልቀቁ፤ ፔዳሉ ወደ ላይ ይመለስ፤ ከዚያ ጋዝ ሳይነኩ እስከ ታች አንድ ጊዜ ይርገጡ። ምልክቱን ሳይጠብቅ የረገጠ እግሩን ያስመታል።

የነዳጅ ታንኩን በባትሪ ብርሃን ውስጡን ይዩት። ቀጭን ቡናማ ዝገት ይጠረጋል፦ የነዳጅ መክፈቻውን አውጥቶ ቀዳዳውን መድፈን፣ በ4 ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በጥብጦ መሙላት፣ ተራ የብረት ዘንግ ታንኩን ሳይነካ ማንጠልጠል፣ የ12 ቮልት ቻርጀር ነጌቲቩን ከታንኩ ፖዘቲቩን ከዘንጉ ጋር አያይዞ ሜዳ ላይ ማሳደር። የማይዝግ ብረት ዘንግ አይጠቀሙ፣ መርዝ ያወጣል። ከውኃው የሚወጣው ጋዝም የሚነድ ስለሆነ ቤት ውስጥ አይሠራም፣ ሽቦውንም ቻርጀሩ ሳይጠፋ አይንኩ። አሲድ ይፈጥናል፣ ግን በአፉ በኩል ከተንጠባጠበ ቀለሙን ይልጠዋል፤ የተጫጫረ የፋብሪካ ቀለም ያለበት ታንክ ደግሞ ለሰብሳቢ አዲስ ከተቀባው ይበልጥበታል።