ስለ ሞግዚት ክፍያ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ብዙ ሞግዚቶች የገንዘብ ነገር ሲነሳ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ዝም ይላሉ። ዝምታው ውሎ አድሮ ቅሬታ ይሆናል፤ ቅሬታው ደግሞ ከሚወዱት ልጅ ይለያቸዋል። በዚህ በጣም አዝናለሁ። ዝም የሚያሰኙት አባባሎች እነዚህ ናቸው።

«ልጅ የሚወድ ሰው ስለ ገንዘብ አያወራም»

ፍቅር ሌላ፣ ደመወዝ ሌላ። ሞግዚትም ቤት ኪራይ ትከፍላለች። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ውስጥ ሥራን እንደ ሥራ ይቆጥራል። ክፍያው ቢያንስ በወር አንዴ በጥሬ ገንዘብ እንዲፈጸም፣ የሥራው ሁኔታም ከተቻለ በጽሑፍ እንዲሰፍር ይላል። ግዴታው ላጸደቁት አገሮች ነው፤ ሐሳቡ ግን የትም ይሠራል።

«መጀመሪያ ሥራዬን ይዩት፣ ክፍያው ይደረስበታል»

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። መነጋገሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው። መጀመሪያ ጠይቁ፦ ስንት ልጅ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ምግብ ማብሰልና ልብስ ማጠብ አለበት? ሲመሽ ትራንስፖርቱን ማን ይችላል? ከዚያ፣ «ሰዓቱንና ሥራውን ሳየው ይህን ያህል ይመስለኛል፤ እርስዎስ ምን አሰቡ?» በሉና መልሱን ጠብቁ። በጭንቀት «ግን መቀነስም ይቻላል» ብላችሁ ራሳችሁ ዋጋችሁን አትስበሩ።

«ልጁ ከተኛ ምን ሥራ አለ?»

ይህ አባባል ከሁሉም በላይ ይጎዳል። ልጁ ተኝቷል። ሞግዚቷ ጃኬቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የበሩን ድምፅ ትጠብቃለች። ወላጆቹ አርባ ደቂቃ ዘግይተዋል። ወጥታ መሄድ አትችልም፤ ልጁ ቢያለቅስ የምትነሳው እሷ ናት። ስለዚህ ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ነው። ግን ወላጆቹ ደክሟቸው ሲገቡ ጉዳዩ በር ላይ አይነሳ። በማግስቱ ረጋ ብሎ «ከተባባልነው ሰዓት ሲያልፍ እንዴት ብናስበው ይሻላል?» ማለት ይበቃል።

«ለትንሽ ወጪ መጠየቅ ያሳፍራል»

ዛሬ ዳይፐር፣ ነገ የታክሲ፣ ከነገ ወዲያ የመጫወቻ ቦታ መግቢያ። ትንሹ ሲጠራቀም ደመወዝ ይበላል። የሚሻለው ወላጆች ለወጪ የሚሆን ገንዘብ አስቀድመው በፖስታ እንዲተዉ መጠየቅ ነው። ደረሰኙ እዚያው ፖስታ ውስጥ ይግባ። ደብተር ላይም «ማክሰኞ፣ ዳይፐር» ብሎ ከነዋጋው መጻፍ ነው። ደረሰኝ ሲኖር ጥያቄው ራሱ ይቀላል።

«አዳሪ ከሆነች ምግብና መኝታው ደመወዟ ነው»

አይደለም። ያው ስምምነት ቁጥር 189 በዓይነት የሚከፈለው ውስን ድርሻ ብቻ እንዲሆን፣ ሠራተኛዋም እንድትስማማበት ያዛል።

«ጭማሪ መጠየቅ ማስፈራራት ነው»

ሁለተኛ ልጅ ከተወለደ ሥራው ተለውጧል። «ሕፃኗ ከመጣች ወዲህ ሥራው ጨምሯል፤ ሲመቻችሁ ስለ ደመወዜ ብንነጋገር ደስ ይለኛል» ማለት ምን ያስፈራል? አቅም ከሌላቸው የትራንስፖርት ወጪ እንዲሸፍኑ፣ ወይም ደመወዝ ሳይቆረጥ አንድ የዕረፍት ቀን እንዲጨምሩ መጠየቅ ይቻላል። ስትስማሙ የተስማማችሁበትን ከነቀኑ ጻፉት፤ አንድ ቅጂ እናንተ ጋ ይቅር።