የውሻ እከክ፦ የምንሳሳትባቸው ነገሮችና እውነታው

ጎረቤታችን ቡቺ የሚባል ውሻ አለ። ባለፈው ክረምት ጀርባው ላይ ያለው ፀጉር ይረግፍ ጀመር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያክክ ሰንሰለቱ ከቆርቆሮው ጋር እየተጋጨ ይቀሰቅሰኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሳየው ጥቁር ነገር ከላዩ ይንጠባጠባል። ከጋራዥ የመጣ የተቃጠለ ዘይት ቀብተውታል። ባለቤቶቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ መድኃኒት ነው ተብለው ነው። ከዚሁ ልጀምር።

«የተቃጠለ ዘይት እከክን ያጠፋል»

አያጠፋም፤ ጭራሽ ይጎዳል። ከሞተር የወጣ ዘይት የብረት ብናኝና ሌላም መርዛማ ነገር ይይዛል። የተላጠ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። ውሻ ደግሞ የተቀባውን ይልሳል። ከላሰው ሆዱ ይገባል፣ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። ነጭ ጋዝና በረኪናም ያው ናቸው። ቡቺ ለሁለት ቀን ጋብ ያለለት መሰለ። ከዚያ ቆዳው ተሰነጣጥቆ መግል ያዘ።

ቀብታችሁት ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት። እንዳይልስ ጠብቁት። እንዲያስመልስ አታድርጉ። ቶሎ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

«ያሳከከው ሁሉ እከክ ነው»

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ቁንጫ ያሳክካል። አለርጂ ያሳክካል። ፈንገስና ባክቴሪያም እንዲሁ። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው።

እከክ የምንለውም ራሱ አንድ አይደለም። ሳርኮፕተስ የምትባለው በዓይን የማትታይ ተባይ ቆዳ ውስጥ ትቦረቡራለች። የጆሮ ጫፍ፣ ክርንና ሆድ ትወዳለች። የውሻችሁን የጆሮ ጫፍ አጠፍ አድርጋችሁ በቀስታ እሹት። የኋላ እግሩ አየር ላይ ማከክ ከጀመረ እሷን ጠርጥሩ። ማረጋገጫው ግን ሐኪሙ ቆዳውን በምላጭ ፋቅ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ነው፤ እሷ ደግሞ አንዳንዴ በዚያም ታመልጣለች። ሌላዋ ዴሞዴክስ ናት። የፀጉር ሥር ውስጥ ትኖራለች። ቡችላው ገና በተወለደ ሰሞን ከእናቱ ይወስዳታል። ብዙ ጊዜ ምንም አታደርግም፤ የሰውነቱ መከላከያ ሲዳከም ግን ፀጉሩን ታረግፋለች።

«እከክ ያለበት ውሻ ሰፈሩን ሁሉ ይበክላል»

ዴሞዴክስ ወደ ሰው አትተላለፍም። ሳርኮፕተስ ትተላለፋለች፣ ግን ውሻ ላይ የምትኖረው ዓይነት ሰው ላይ አትራባም። ውሻው ሲታከም የሰውየውም ማሳከክ አብሮ ይጠፋል። ልጆች ላይ በደንብ የሚጋባው ጭርት ነው። ስለዚህ እጅ መታጠብ ይገባል። ውሻውን ሜዳ ላይ መጣል ግን ምንም አይፈታም፤ በሽታውን ይዞ ሌላ ደጅ ይሄዳል።

«የሰው ሳሙና ይበቃዋል»

የውሻ ቆዳ ከሰው ቆዳ አሲድነቱ ያነሰ ነው። የኛ ሳሙናና ኦሞ ያደርቁታል፣ ማሳከኩንም ያባብሳሉ።

«ምላሱ መድኃኒቱ ነው»

አይደለም። ሲልስ ቁስሉ ይረጥባል፣ ይሰፋል። የኛን ቅባት ቀብታችሁት ከሆነማ መድኃኒቱን መብላቱ ነው።

«የከብቱን መርፌ አንዴ ካስወጋሁት አበቃ»

አይቨርሜክቲን የሚባለው የከብት የተባይ መርፌ አንድ ሚሊ ሊትሩ የሚሰላው ለ50 ኪሎ ከብት ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በግምት መስጠት ሊገድለው ይችላል። ኮሊ የሚባለው ዝርያና አንዳንድ ጀርመን ሸፈርዶች ደግሞ በተፈጥሯቸው መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው ስለሚገባ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይወድቃሉ። ልክ ሆኖ ቢሰጥ እንኳ እንቁላሉን ስለማይገድል ይደገማል። ሐኪም መዝኖ ይስጠው።

«ቁንጫ አላየሁበትም፤ ስለዚህ የለበትም»

የቡቺ ጉዳይ ይኸው ነበር። ባለቤቶቹ ፀጉሩን ፈልቅቀው አንድ እንኳ አላገኙም። ሐኪሙ ጅራቱ ሥር በማበጠሪያ ጥርስ ፈልጎ ጥቁር ብናኝ አወጣ። እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ ሲያራግፈው ብናኙ ቀይ ሆኖ ተሰራጨ። የቁንጫ ኩስ ነው፤ ከውሻው የተመጠጠ ደም። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ የሆነ ውሻን ጥቂት ንክሻ ብቻ ለቀናት ያሳክከዋል።

ውሻው ላይ የሚገኘው አድጎ የጨረሰው ቁንጫ ብቻ ነው፤ ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ። እንቁላሉ፣ እጩ (ከእንቁላል የሚወጣው ትል) እና ሙሽሬው (ትሉ ወደ ቁንጫ ሲለወጥ የሚቆይበት ደረጃ) ውሻው ከሚተኛበት ጆንያና ከወለሉ ስንጥቅ ነው። ሙሽሬው ለወራት ተደብቆ ይቆያል። አንዴ አጥቦ መተው የማይሠራው ለዚህ ነው። የሚተኛበትን በየሳምንቱ በፍል ውኃ ማጠብ፣ በግቢው ያሉትን እንስሳት በሙሉ ማከም፣ ይህንንም ቢያንስ ለሦስት ወር መቀጠል ያስፈልጋል። ድመት ካለች ግን የውሻውን መድኃኒት አታካፍሏት። ለውሻ የሚሸጠው ፐርሜትሪን የሚባል የቁንጫ መድኃኒት ድመት ይገድላል።

የቡቺ ጆንያ ተቃጠለ። ቤቱ ተጠርጎ አዲስ ምንጣፍ ገባለት። ዘይቱ የላጠው ቆዳ ለመዳን ከቁንጫው የበለጠ ጊዜ ወሰደ፤ ጀርባው ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ እስከ ዛሬ ፀጉር አላበቀለችም።