ዋይፋይ ምንድን ነው? ኢንተርኔትስ የት ነው ያለው?

ሰሞኑን በባለሙያነት የተጋበዘ አንድ ሰው በሬዲዮ «ዋይፋይ ማለት ገመድ አልባ ኢንተርኔት ማለት ነው» ሲል ሰማሁ። አይደለም። ይህ ስህተት ደግሞ ሰው ኪስ ይገባል። የቤት መስመር በመዘርጋት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ በዚህች አንዲት አባባል የተነሳ የማያስፈልጋቸውን ዕቃ የገዙ ቤተሰቦችን ቆጥሬ አልጨርስም።

ዋይፋይ ራውተሩ (ኢንተርኔቱን ተቀብሎ ለቤቱ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ከስልክዎና ከኮምፒውተርዎ ጋር የሚነጋገርበት ሬዲዮ ነው። እዚያው ቤት ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ኢንተርኔቱ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ በፋይበር (ብርሃን በሚያሳልፍ ቀጭን የመስታወት ገመድ)፣ በድሮው የስልክ ሽቦ ወይም ራውተሩ ውስጥ በገባ ሲም ካርድ። (ስሙ የ«ዋይርለስ ፊደሊቲ» ምህጻረ ቃል ነው የሚሉም አሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ የንግድ ስም ነው፤ የምንም ምህጻረ ቃል አይደለም።)

ውሃን አስቡ። እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር የውሃ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከቆጣሪው ወደ ማዕድ ቤትና ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄደው ቧንቧ የእናንተ ነው። ቧንቧ ተከፍቶ ጠብታ ሲጠፋ ማንም ግድግዳ አያስፈርስም፤ መጀመሪያ ጎረቤት ውሃ እንዳለው ይጠይቃል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ያው ጠንቃቃ ሰው ራውተር ሊገዛ ይወጣል። ራውተሩ ሮቶ አለመሆኑንም ልብ በሉ፤ ለክፉ ቀን ያጠራቀመው ነገር የለም። ከውጭ ካልመጣ የሚሰጠው የለውም።

«ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ግን አይሠራም» የሚል ቅሬታ በየቀኑ እሰማለሁ። ስልካችሁ አናት ላይ ያለችው ምልክት የምትናገረው ስልኩ ራውተሩን ምን ያህል አጥርቶ እንደሚሰማው ብቻ ነው። ቧንቧው ደህና ነው ማለት ነው፤ ስለ ውሃው ምንም አልተባለም። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ኢንተርኔት በተቋረጠ ሰዓት የስልካችሁን የሞባይል ዳታ አጥፉና ድረ ገጽ በምትከፍቱበት ብራውዘር የአድራሻ ቦታ ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ ጻፉ (አድራሻው በአንዳንድ ራውተር ይለያል፤ ከሥሩ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ)። የራውተሩ ገጽ ይከፈታል። ኢንተርኔት የለም፣ ዋይፋይ ግን እየሠራ ነው። የፋይበሩን ገመድ ነቅላችሁ ግን አትሞክሩት። ጫፉን አቧራ ከነካው መስመሩ ይበላሻል፤ በውስጡ የሚያልፈውም ብርሃን ባይታይም ዓይን ሊጎዳ ይችላልና ጫፉን አትመልከቱት።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ዘንድ ተጠርቼ ሄድኩ። ዕቃ ሻጩ «ዋይፋዩ ደክሟል» ብሏቸው ሁለተኛ ራውተር ገዝተዋል። «ልጄ፣ ሦስተኛ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» አሉኝ። የፋይበሩ ሳጥን ላይ «ኤል ኦ ኤስ» የምትለዋ መብራት ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ከውጭ ብርሃን እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ገመዱን ተከትዬ ስሄድ ቡፌው ከግድግዳው ጋር አጣብቆ አጥፎታል። ፋይበር በኃይል ሲታጠፍ ብርሃኑ ከመንገድ ይወጣል። ቡፌውን ገፋ አድርገን ገመዱን አላላነው፤ ቀይዋ መብራት ጠፋች፣ መስመሩም ተመለሰ። ለሁለተኛው ራውተር የወጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም፤ እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ኢንተርኔቱ ደህና ሆኖ ዋይፋዩ ሲደክም ሰዎች ከፍ ያለ ጥቅል ይገዛሉ። ራውተሩ ሳሎን ጥግ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጦ፣ መኝታ ቤቱ ከሁለት የኮንክሪት ግድግዳ ወዲያ ከሆነ፣ ዋናው መስመር ቢሰፋ ለመኝታ ቤቱ ምን ይጠቅማል? ራውተሩን ወደ ቤቱ መሐል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ያለ ወጪ ብዙውን ይፈታል። እዚህ ላይ የውሃው ምሳሌ ይጎድላል፤ የጎረቤት ቧንቧ የእናንተን አይረብሽም፣ የጎረቤት ሬዲዮ ግን ይረብሻል። በኮንዶሚኒየም ሕንፃ አርባ ራውተር በአንድ ጊዜ ሲናገር፣ ራውተሮች ከሚናገሩባቸው የሬዲዮ ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሳይደራረቡ የሚሠሩት የሬዲዮ መስመሮች (ቻናሎች) ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ወደ 5 ጊጋኸርዝ መሻገር ፋታ ይሰጣል፣ ግድግዳን የማለፍ አቅሙ ግን ያንሳል።

ያ የሬዲዮው እንግዳ ይህን 5 ጊጋኸርዝም «ፋይቭ ጂ» ብሎ ጠራው! ፋይቭ ጂ አምስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ነው። ራውተር ላይ የሚጻፈው 5 የሬዲዮ ሞገዱ ድግግሞሽ ነው፤ ቁጥሩ ከመመሳሰሉ በቀር ዝምድና የላቸውም።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ብቻ፦ ጥቅል የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት፤ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ 10 ሜጋ የተባለ መስመር በሰከንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ያወርዳል። አልተጭበረበራችሁም።

«ሕዝቡ የለመደውን ቃል ለምን ታርማለህ?» የሚል አለ። ካፌ ገብቶ «ዋይፋይ አላችሁ?» የሚልን ሰው አላርምም፤ ተግባብተዋል። ችግሩ ነገር ሲበላሽ ነው። ከሳጥኑ ወዲህ ያለውን የምታስተካክሉት እናንተ ናችሁ፣ ከሳጥኑ ወዲያ ያለውን መስመሩን ያስገባላችሁ ድርጅት። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ ሰው ማንን መጠየቅ እንዳለበት በምን ያውቃል? መምህርቷ ባለፈው ወር መስመራቸው ሲቋረጥ ለጥገና ክፍሉ ደውለው «ዋይፋዩ ይሠራል፣ የፋይበሩ መብራት ግን ቀይ ነው» አሉ። የመጣው ሠራተኛ ቤት እንኳ አልገባም፤ በቀጥታ ወደ ምሰሶው ወጣ።